ፎቁ እስኪያልቅ

በእኛ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የሚመጣ የበደለ ሰው ነው። ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ ከተበዳዩ በር ፊት ይንበረከካል። ተበዳዩ ወጥቶ በገዛ እጁ ካወረደለት እሺ ብሏል ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ካላወረደለት ደግሞ አገር ይታዘበዋል፣ ሲሞትም ቀባሪ ያንሰዋል። ገና ሳይበድሉ ድንጋይ ተሸክመው የመጡ ሽማግሌዎችን ግን በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ አባቴ ነው። የሄዱትም የአባቴ ታላቅ እህት፣ የእኔ አክስት ደጅ ነበር።

የአክስቴ ቤት በግ ተራው አጠገብ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። በገበያ ቀን ከቀየትና ከዘመሮ በግ ነድተው የመጡ ሰዎች፣ ነፋሱ ጆሯቸውን ሲቆርጠው፣ እሷ ዘንድ ጎራ ብለው የገብስ አረቄ ይጎነጫሉ። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም፤ በዚህ ዓለም የእኔ የምትለው ያችን ቤት ብቻ ነበር። አባቴን ያሳደገችውም እዚያው ነው፤ እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጡት መጣሉ ነበር። አባቴ ሞቅ ሲለው ይህንን እያነሣ ያለቅሳል። አባቴ ማልቀስ አይቸግረውም።

ማዘጋጃ ቤቱ በግ ተራውና ዙሪያው ያሉት ቤቶች ባሉበት ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ የገበያ ማዕከል እሠራለሁ ብሎ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ተከለ። ሰሌዳው ላይ የተሳለው ፎቅ መስተዋቱ ያብለጨልጫል፤ በሩ ላይ የዘንባባ ዛፍ ቆሟል፣ ክንዳቸው የተራቆተ ሴቶች ቦርሳ አንጠልጥለው ይንሸራሸራሉ። በመንዝ ብርድ። ሥዕሉን የሠራው ሰው እኛ አገር አንድ ሌሊት አድሮ ቢሆን ኖሮ ሴቶቹን ወፍራም የበግ ፀጉር ባና ያለብሳቸው ነበር። ያኔ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሕዝቡ ሰሌዳው ሥር እየቆመ ፎቶ ይነሣ ነበር።

የአካባቢው ሰው ዕቃውን እየጫነ ሲወጣ አክስቴ እንቢ አለች። እኔ ከዚህ የምወጣው በሬሳ ነው አለች። የሰው ቤት ተጠግተው የሞቱ ሴቶችን አይታለች። ድንኳኑ የሚተከለው በባለቤቱ ደጅ ነው፤ ለቀስተኛው ባለቤቱን እግዜር ያጽናህ ብሎ፣ ንፍሮውን ቆርጥሞ ይሄዳል፤ ሟቿን የሚያነሣት የለም። አክስቴ የፈለገችው ሬሳዋ ከራሷ በር እንዲወጣ ነበር። ከዚህ በላይ የጠየቀችው ነገር የለም።

ከተማው ጠላት ሆነባት። የልማት ጠንቅ አሏት። በእሷ ምክንያት ፎቁ ወደ ሌላ ወረዳ ሊሄድ ነው ተባለ፤ ትናንት አረቄዋን ሲጎነጭ የነበረ ሁሉ ደጇ ላይ ምራቁን እየተፋ ያልፍ ጀመር። ሹሞቹ ግን ሞኞች አልነበሩም። ሴትዮዋ ፖሊስ እንደማትፈራ፣ ይሉኝታን ግን እንደምትፈራ ገብቷቸዋል። ሦስት ሽማግሌ ላኩ፤ ከሦስቱ አንዱን ወንድሟን አደረጉት።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ቆሜ አይቻለሁ። ሦስቱ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ድንጋያቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ተንበረከኩ። የአባቴ ድንጋይ ከሦስቱ ትንሹ ነበር።

«እትዬ» አላት፣ «ፎቁ እስኪያልቅ እኔ ጋ ትቀመጫለሽ። ሲያልቅ የማዕዘኗ ሱቅ ያንቺ ናት። ከኋላዋ ማደሪያ አላት። በሯ የራስሽ ነው።»

ማልልኝ አለችው። በደብሩ ታቦት ማለላት። አክስቴ እየዞረች አንድ በአንድ አወረደችላቸው። የአባቴን ድንጋይ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይመታው ከጉልበቱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

ቤቷን በሳምንቱ አፈረሱት። ድንጋዩን ለግንብ ይሆናል ብለው ቦታውን ባጠሩበት ቆርቆሮ ውስጥ ከመሩት። መሠረቱ ተቆፈረ፣ ዓምዶቹ ቆሙ፣ በማዕዘኑ በኩል የመጀመሪያው የወለል ሶሌታ ተሞላ። ከዚያ ሥራው ቆመ። መጀመሪያ ሲሚንቶ ጠፋ ተባለ፤ ቀጥሎ በጀት አልተለቀቀም፤ ቀጥሎ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሣ ኮንትራክተሩም ማሽኖቹም የሉም። ሹም በተለወጠ ቁጥር አዲሱ መጥቶ ጉድጓዱን ያያል፣ ራሱን ነቅንቆ የቀደመውን ያማል፣ በመኪናው ይመለሳል። ጉድጓዱ ክረምት ኩሬ ነው፣ በጋ ሽንት ቤት። ፌሮው ዛገ። ሰሌዳው ላይ የነበሩት ሴቶች በፀሐይና በውርጭ ፊታቸው ተላጠ፤ ዘንባባው ብቻ ቀረ። የበግ ተራው ወደ ገደሉ አፋፍ ተዛውሮ፣ ሻጩም ገዢውም በጉም አብረው ይንቀጠቀጣሉ።

አክስቴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተስፋ ነበራት። የፎቁን ዘበኛ ለምና ትገባና የማዕዘኗን ሶሌታ ጠርጋ ትቆማለች፤ ጋኑ እዚህ፣ መደቡ እዚያ እያለች ለራሷ ቤት ትሠራለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው። እኔ አንዳንዴ አብሬያት እሄድ ነበር፤ በኋላ ግን ማየቱ ስላስጠላኝ ተውኩት።

ማዘጋጃ ቤቱ የሚጠራው ስብሰባ መቼም አይቋረጥም ነበር። በግ ነጋዴው ከብቴ በብርድ አለቀ ብሎ ይጮኻል። ከቆላ ጨርቅ እያመጡ የሚሸጡት ሙስሊም ነጋዴዎች ሱቃችን ፈርሶ በሸራ ሥር ዝናብ በላን ይላሉ። መድረክ ላይ ያለው ሰው ቅሬታችሁ ተገቢ ነው ይላል፣ ውኃውን ይጠጣል፣ ሰዓቱን ያያል። ሕዝቡ ሹሙን አይነክስም፤ ሹም መልሶ ይነክሳልና። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ከአዳራሹ ሲወጣ የሚነክሰው አክስቴን ነው። የፎቋ እመቤት የሚል ስም አወጡላት። ገበያ መሃል እያስቆሙ አራተኛው ፎቅ ላይ ብርዱ እንዴት ነው ብለው ይጠይቋታል። ይባስ ብለው፣ አንቺ ያኔ ብትጸኚ ኖሮ ቦታችን አይወሰድም ነበር የሚሏት አሉ። እነዚህ፣ ስትጸና ደጇ ላይ የተፉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ ልቆጥር እችላለሁ።

አባቴ የሰጣት ክፍል ከግቢያችን መጨረሻ ነው። ጀርባዋ መንገድ ዳር ሆኖ፣ በሯ ግን ወደ ውስጥ፣ ወደ ዶሮ ቤቱ ይከፈታል። እናቴ ጭሱ ልብሴን ያበላሽብኛል ብላ አረቄ እንዳታወጣ ከለከለቻት። ስለዚህ ቀን ሙሉ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። እንግዳ ሲመጣና ሳሏ ሲሰማ፣ እናቴ አንዲት አሮጊት ተጠግታን ነው ትላለች። አክስቴ የምትሰማ መሆኗን ታውቃለች።

እግሯ ማበጥ ሲጀምር አባቴን አስጠራችው። ሱቁን ትታዋለች፤ ፎቁንም አላነሣችበትም። የጠየቀችው የክፍሏ ጀርባ ተቀዶ ወደ መንገዱ አንዲት በር እንድትወጣላት ብቻ ነው። አባቴ ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ዳር አዲስ በር መክፈት ከልክሏል አላት። እስከ መቼ ብትለው፣ ፎቁ እስኪያልቅ አላት።

እኔ በዚያን ጊዜ እዚያው ከተማ አስተማሪ ሆኛለሁ። ከሥራ ስወጣ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ፤ እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ለአባቴ ነገርኩት። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ረጋ ብሎ ነው የመለሰልኝ። በር ካላት ነገ ቤቴ ትላለች፤ ስትሞት ደግሞ የባሏ ዘመዶች ውርስ ብለው መጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ አለኝ። እሱን ትቼ ለአክስቴ ሄጄ ነገርኳት። እንዝርቷን ሳታቆም ሰማችኝ።

«እንግዲያስ ነገሩ ከፎቁ አይደለም» አለች።

በተከታዩ ቅዳሜ፣ ገበያው በሞቀበት ሰዓት፣ በተቀደደው የቆርቆሮ አጥር ገብታ ከክምሩ አንድ ድንጋይ መርጣ ወጣች። ድንጋዩን ታውቀዋለች። የገዛ ደጃፏ ድንጋይ ነበር፤ ቢላዋ ስትስልበት ኖራ መሃሉ ጎድጉዷል። አንገቷ ላይ አድርጋ ገበያውን አቋርጣ መጥታ እኛ በር ላይ ለመንበርከክ ሞከረች። ያበጠው እግሯ አልታጠፍ ብሎ በጎኗ ወደቀች፤ እንደ ምንም ቀና ብላ ተቀምጣ ድንጋዩን መልሳ አንገቷ ላይ አደረገች። ገበያተኛው ተከትሏት መጥቷል። የመጣው ሊስቅ ነበር፤ ድንጋዩን ሲያይ ሳቁን ተወው። የተበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲያዩ ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም።

አባቴ በመስኮት ሲያይ ቆይቶ፣ ሕዝቡ አልበተን ሲለው ወጣ።

«በር ብቻ፣ ወንድሜ» አለችው።

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሽማግሌ አውርድላት እንጂ አሉት። ይህን ጊዜ የፎቁ ዘበኛ እያለከለከ ደረሰ። ማንም የማይፈልገውን ድንጋይ ዓመታት ሲጠብቅ ኖሮ ሥራ ያገኘው ያን ቀን ነው።

«እማማ፣ ይሄ የፕሮጀክቱ ንብረት ነው፤ መመለስ አለብዎት» አላት።

አባቴ ዘበኛውን አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከአንገቷ ላይ በሁለት እጁ አነሣው። ሕዝቡ እሰይ አለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አክስቴ ጉልበቱን አቅፋ ሳመችው። አባቴ ድንጋዩን እንደያዘ ዞረና ለዘበኛው አስረከበው። የመንግሥት ንብረት ነው አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። እልልታው ወዲያው አልቆመም፤ ከኋላ የቆሙት አላዩም ነበር።

አክስቴን ደግፌ ወደ ክፍሏ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም። ከዚያ ቀን በኋላ በር የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ክረምቱ ሳይወጣም ሞተች። ሬሳዋ በዶሮ ቤቱ በኩል ዞሮ፣ በእናቴ ሳሎን ፊት አልፎ፣ በእኛ በር ወጣ። ድንኳኑ በአባቴ ደጅ ተተከለ። ለቀስተኛው አባቴን እግዜር ያጽናህ እያለ ንፍሮውን ቆረጠመ፤ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጣ የሞተችው ምኑ ነበረች ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ እናቴ ናት፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት እያለ ደረቱን መታ። እንባው የእውነት ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስጠላኝም እሱ ነው።

አርባዋ በወጣ በሳምንቱ ግንበኛ መጣ። የክፍሏን ጀርባ ቀዶ ወደ መንገዱ ሰፊ የብረት በር ገጠመ። ማዘጋጃ ቤቱን ያስፈቀደ የለም፣ የከለከለም የለም። የሞባይል ካርድና ቻርጀር የሚሸጥ ጎረምሳ ተከራየው። ከደጃፉ ሆነው ሲያዩት ፎቁ ፊት ለፊት ነው፤ ዓምዶቹ ላይ በግ ታስሮባቸዋል።

አባቴ ቁልፉን ሲያስረክብ አጠገቡ ነበርኩ። በሩን ከፈት ዘጋ አድርጎ ሞከረው፤ ማጠፊያው አይጮህም።

«እትዬ ብትኖር ደስ ይላት ነበር» አለ።