እርጥብ ቀርከሃ

ያልሰረቅሁትን ነሐስ ሰርቀሃል ተብዬ ከእንጅባራ ወጥቻለሁ። ነገሩ ይኸው ነው፤ አላሳምረውም።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አውራ ጣት የምታህል ደረቅ ቀርከሃ አለች። ባየኋት ቁጥር ያ ክፍል ይመጣብኛል፤ ትኩስ የነሐስ ፍቅፋቂ፣ የማሽን ዘይት፣ በመስኮት የሚገባ የከሰል ጭስ።

ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ የቴክኒክ መምህር ከቤታቸው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ትንሽ ቶርኖ ነበራቸው፤ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን። መብራት ሲጠፋ እንዳይቆም ከአሮጌ ልብስ ስፌት መኪና እግር ጋር አያይዘውት በፔዳል ይዞር ነበር። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ የሚቀርጽላቸው ሰው ፈለጉ፤ እኔን አገኙ። ሐሳባቸው ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ግን እንደ ትልልቆቹ በእንፋሎት የምትዞር ሞተር መሥራት ነበር። ምን ትሠራለች ብትለኝ፣ ምንም። መዞር ብቻ። ሚስታቸው በበሩ ብቅ እያሉ "የእኔ ድስት አልበቃ ብሎ ሌላ የሚፈላ ነገር አመጣችሁብኝ" ይሉ ነበር። እኔ ግን ያችን ሞተር ከመምህሩም ይልቅ ወደድኋት።

አንድ ነገር ደብቄ ነበር። መምህሩ የዕቃውን ሥዕል በወረቀት ስለው፣ ልኩን በጎኑ ጽፈው፣ መለኪያውን ካሊፐር አስረክበውኝ ይሄዳሉ፤ እኔ "እሺ ጋሼ" እላለሁ። ቁጥር አላነብም። ፊደልም አልቆጠርሁም።

ሥዕሉ በቁሙ ልክ የተሳለ ነበርና ከጓሮው ቀርከሃ ጫፉን ቆርጬ፣ ፍቄ ፍቄ ከሥዕሉ እኩል አደረግሁት። እንፋሎቱ የሚገባበትን የነሐስ ቱቦ ቀርከሃው ጥብቅ ብሎ እስኪገባ ድረስ በሳሁት። መምህሩ ለክተው "እጅህ ይባረክ" አሉኝ። የዚያን ቀን ምሳ እስከ ዛሬ ይጣፍጠኛል።

ከዚያ ለቱቦው መቆሚያ እግር ለማስበየድ ዳንግላ ላኩት፤ ቆየ። ጥቅምት ሄዶ ጥር ገባ። በቱቦው ውስጥ የምትመላለሰውን ፒስተን እስከዚያ ቀርጸህ ጨርስ ብለው ከአሮጌ ፓምፕ የወጣ ወፍራም ነሐስ ሰጡኝ፤ ሌላ አልነበራቸውም። እኔም ያችኑ ቀርከሃ ከመደርደሪያው አንስቼ ፒስተኗን ከእሷ እኩል አድርጌ ቀረጽኋት።

ቱቦው መጣ። መምህሩ ፒስተኗን ከተቱ። ሰተት ብላ ገባች፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ወለሉ ላይ ቀጭ አለች። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ልኩን ጽፌ ሰጥቼሃለሁ" አሉ። "ጽሑፍ ይዞ ይህን ያህል የሚሳሳት የለም። የእኔን ነሐስ ለቆራሌው ሸጠህ በቀጭን ተክተሃል።"

ማንበብ አልችልም፣ በቀርከሃ ነው የለካሁት ብል ይበቃ ነበር። ለእኔ ያኔ ሌባ ከመባል ይልቅ መሃይም መባል ይከብደኝ ነበር፤ ጅልነት ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ደግሞም ልኩ የት እንደጠፋ እኔም አላወቅሁም። ዝም አልሁ፤ ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጠሩት። ሚስታቸው ብቻ ከበሩ ላይ "ይህ ልጅ?" ብለው ቀሩ።

እንጅባራ ያኔ ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ነበረች። በሳምንቱ የሚያሠራኝ ጠፋ። አዘና ሄጄ የእህል ወፍጮ መጠገን ያዝሁ። መምህሩን ለዓመታት ረገምኋቸው። እጄንም ጠረጠርሁት፤ የባሰው ይሄ ነው። የሠራሁትን ሁሉ ሦስቴ አራቴ ሳልፈትሽ አላስረክብም ነበር።

ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ፊደል ቆጠርሁ፣ ቁጥር ለየሁ፣ ካሊፐር ገዛሁ። ዘንድሮ በጥቅምት አንድ ወፍጮ ላይ ዘይት የሚያፈስ ቀዳዳ በእርጥብ ቀርከሃ ወተፍሁ፤ በመዶሻ ነው ያስገባሁት። በታኅሣሥ ብመለስ ራሱ ወልቆ መሬት ላይ ተኝቷል። ለካሁት። ቀጥኗል። ቀርከሃ ሲደርቅ እንደሚቀጥን አጥር የሚያጥር ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ቱቦውን በእርጥቧ፣ ፒስተኗን ከደረቀች በኋላ ከለካሁባት ከያኔዋ ቀርከሃ ጋር አገናኝቼው ግን አላውቅም። እዚያው የፈሰሰው ዱቄት ላይ ተቀመጥሁ።

በሳምንቱ እርጥብ ቀርከሃ ይዤ በሚኒባስ እንጅባራ ገባሁ። መምህሩ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሚስታቸው አርፈዋል። ማን ልበል አሉኝ።

"ሌባዎ ነኝ፣ ጋሼ።"

አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁ። ያኔ የዋጥሁትን ተናገርሁ። ቀርከሃዋን ሲያዩ ቆዩና "ለምን አልነገርኸኝም?" አሉ።

"አፍሬ።"

ቱቦውን አልጣሉትም፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል። ቀርከሃዋን ፍቄ ጥብቅ አድርጌ ወተፍሁበት። ራሳቸው ስበው ሞከሩ፤ ንቅንቅ አላለችም። የቱቦውን አፍ ወደ ታች አዙሬ መስኮታቸው ላይ ሰቀልሁት። እስክትደርቅ ማንም አይንካው ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ስልኬ በጠራ ቁጥር ድንግጥ እል ነበር። አንድ ጠዋት ደወሉ፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

"ወደቀች" አሉ። "ቁርስ ላይ ሆኜ ሰማኋት። እጅህ ልክ ነበር።" "ባለቤቴ አልሰረቀም እንዳለችኝ ነው የሞተችው። ያልሰማሁ እኔ ነኝ። ና፣ ፒስተኗን እንደገና እንቅረጻት፤ አሁን ግን በቁጥር።"

ነፍሴ መለስ አለችልኝ። ያኑ ቀን ሄድሁ። የወደቀችውን ቀርከሃ በእጄ አስጨበጡኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ይህችው ናት። ቀኑም የካቲት አሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት ነበር።