ብር የዋጠው የክር ጥቅል

ስድስት ሺህ ብር ነበር። ሠላሳ ባለ ሁለት መቶ ኖት በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላዩ የበግ ጠጉር ክር ተጠምጥሞበት። ያየው ሰው ለሸማኔ የተዘጋጀ ጥቅል ነው ብሎ ያልፈዋል እንጂ ሌላ አይጠረጥርም። ዘዴውን ያየሁት ከእናቴ ነው። እኛ የመንዝ ሴቶች በብርድ ወራት እጃችን ከእንዝርት አይለይም። የፈተልነውን እንደ ኳስ ጠቅልለን ቅርጫት ውስጥ እናኖራለን፤ ባና፣ ወፍራሙ የብርድ ልብሳችን፣ የሚሠራበት ቀን ሲደርስ ለሸማኔ እንሰጣለን። እስከዚያ ወንድ ወደ ክር ዞር አይልም። ታዲያ ሴት ብሯን ከዚህ የተሻለ የት ትደብቀው?

ከማን ነው የምትደብቂው ትሉኝ ይሆናል። ከባለቤቴ ነዋ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ያስቸገረኝስ ደግነቱ ነው። ኪሱ ብር ከገባ ለመንደሩ ይሸታል። አንዱ ማዳበሪያ ጎደለኝ ብሎ ይመጣል፣ ሌላው የክርስትና ድግስ አለብኝ ይላል፣ እሱም "ሰው ደጄ ቆሞ እንዴት እምቢ እላለሁ?" ይላል። የመለሰ አለ፣ ያልመለሰም አለ። ባንክ አታስገቢውም ነበር ወይ እንዳትሉኝ ደግሞ፤ በገበያ ቀን ዘመሮ ከተማ ባንክ የገባች ሴት ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይደርሳል።

ብሩን ለማጠራቀም ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የእንቁላል ነው፣ ለሰው የፈተልኩበት ነው፣ እናቴ የሰጠችኝ በግ የወለደቻቸው ግልገሎች ናቸው። ልጃችን ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ዘመሮ ልትማር ነበር፤ ከእኛ ሰፈር ደግሞ በየቀኑ ተመላልሶ የሚሆን አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር አንዲት ንጹሕ ክፍል አገኘሁላት። ባለቤቲቱ ጥሩ ሴት ናት፣ ቀልድ ግን አታውቅም። "እስከ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ። የአራት ወሩን ኪራይ በቅድሚያ ካላመጣሽ ሌላ ተከራይ አለልኝ" አለችኝ። ክፍሉ ካመለጠ ልጅቷ ዓመቱን ቤት ልትውል ነው። ዓመት ቤት የዋለች ልጅ ደግሞ ምን እንደምትሆን አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ። ማንበብ የቻልኩት በእሷ ደብተር፣ ከእሷ ጋር አብሬ ነው።

እናቴ ብር ያለበትን ጥቅል ትራሷ ሥር እንጂ ከሌላው ጋር አታኖርም ነበር። እኔ ግን ከእናቴ የበለጥኩ ብልኅ መስሎኝ ከስድስት ጥቅሎች ጋር ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት። ከሰባት መሐል የትኛው እንደሆነ ማን ይለየዋል አልኩ። እውነትም ማንም አልለየውም።

ሐሙስ ቀን ገብስ አስፈጭቼ ስመለስ ቅርጫቱ ባዶውን ተቀምጧል።

"ክሩስ?" አልኩት።

"ሸማኔው ጋ አደረስኩት" አለ ባለቤቴ፣ ፊቱ በርቶ። "ልጅቷ ከተማ ስትገባ ብርድ እንዳይገድላት ባና ይሠራላት ብዬ። አንቺ ሥራ በዝቶብሻል፤ እስቲ ዛሬ እንኳ ላግዛት አልኩ።"

አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ክር ነክቶ የማያውቅ ሰው!

"ሁሉንም?"

"ሰባቱንም። አንዱማ ጠንከር ያለ ነው። እጅሽ መቼም፣ ስታጠብቂው አይጣል ነው!"

የዱቄቱን ከረጢት እዚያው ጣልኩት። ለሸማኔው ብደውል ስልኩ ጥሪ አይቀበልም ይላል። ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ወጣሁ። በጓሳ ተራራ በኩል ጉሙ ወርዶ ከፊቴ አሥር እርምጃ አይታይም፤ እግሬ ግን መንገዱን ያውቀዋል። ሸማኔው ደግ ሽማግሌ መሆናቸውን ሰው ሁሉ ይናገራል። ቢሆንም ቤታቸው ገቢና ወጪ የማይጠፋበት ነው፣ እሳቸውም ድሃ ናቸው። ብሩስ የኔ ለመሆኑ ምን ምስክር አለኝ? ለማንም አልተናገርኩ! ያን ዕለት መንገድ ላይ ሞቼ ቢሆን ስድስት ሺህ ብር የማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ፍጡር አልነበረም። ይህ ሐሳብ ከብርዱ ይልቅ አንቀጠቀጠኝ።

ስደርስ ሸማኔው የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው ድር ያስተካክላሉ።

"እንደምን ዋሉ አባባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ጅብ አባረረሽ?"

"አይ... የኔ ክር ተፈታ ወይ ብዬ ነው።"

"አምስቱን ፈትቻቸዋለሁ።"

እውነቱን ማውጣት አቃተኝና "ቀጭን የሆነ አለበት ብዬ ሰግቼ ነው" አልኩ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። "ክርሽስ ጥሩ ነው። ሆዱ ነው እንጂ የሚንሿሿው።"

ከጀርባቸው አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ አራት ትንንሽ የብር ጥቅሎች አሉ፣ እያንዳንዱ በባለቤቱ ክር የታሰረ። የኔን ለይተው አቀበሉኝ። "አንቺን ብቻ መስሎሽ ነው? ጥቅል ሲመጣልኝ መጀመሪያ ጨመቅ አደርገዋለሁ። የዚህ አገር ሴት ባንኳ እኔ ሆኛለሁ፤ ደመወዝ የለኝ እንጂ! በይ ቁጠሪ።"

"እርስዎን አምኜ ልቁጠር?"

"ፊቴ ቁጠሪ ነው የምልሽ። ዛሬ ካልቆጠርሽ ነገ ትጠረጥሪኛለሽ።"

ቆጠርኩ። ሠላሳ። አንዷም አልጎደለችም። ያን ጊዜ ከደረቴ የወጣውን ትንፋሽ አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዤው የኖርኩ ነው የመሰለኝ።

ብሩን ጭኔ ላይ እንደዘረጋሁ በሩ ጨለም አለ። ባለቤቴ ነው፤ በብርድ ወጣች ብሎ ጋቢ ይዞ ተከትሎኛል። ብሩን አየ፣ እኔን አየ። ሽማግሌው ድሩ ድንገት የተወሳሰበባቸው ይመስል አቀረቀሩ።

"የማን ነው?" አለ።

"የልጅህ የቤት ኪራይ ነው።"

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ጋቢውን ጭኑ ላይ አኖረና "እኔ እኮ" አለ፣ "ለዚሁ ኪራይ እርጉዟን በግ ቅዳሜ ልሸጣት ነበር። ላንቺ እንዴት እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ሰንብቻለሁ። ለምን ደበቅሽኝ?"

"ብነግርህ ለሰው ታበድረዋለህ።"

ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን "እውነትሽን ነው፣ አበድረው ነበር" አለ። ሽማግሌው ከጉድጓዳቸው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እኛም ተከተልናቸው።

ያችን በግ ይዘናት ቀረን። ቅዳሜ የክፍሉን ብር ከፈልኩ፤ በተረፈው ደብተርና ጫማ ተገዛ። ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ራሱ "እንግዲህ አንድ ዘዴ እንፍጠር" አለኝ። ሦስት ከረጢት ሰፋሁ፣ አፋቸውን በሦስት ዓይነት የበግ ጠጉር ክር አሰርኩ። ጥቁሩ የልጅቷ ነው፣ አይነካም። ነጩ የዘይት፣ የሳሙና፣ የወፍጮ ነው። ቀዩ የሰው ነው፤ ለማኅበሩም፣ ለለቅሶውም፣ ለሚበደረውም ከዚያ ይወጣል። ከገበያ ስንገባ ገና ሳንቀመጥ ብሩን በሦስቱ እንከፋፍለዋለን፤ አንድ ቀን ካደረ አይከፋፈልም፣ ይሄ የታወቀ ነው። ሰው ሊበደር ሲመጣ ባለቤቴ ቀዩን አውርዶ ያሳያል። ካለ ይሰጣል። ከሌለ "ቀዩ ባዶ ነው" ይላል፤ እምቢ ያለው ከረጢቱ ስለሆነ ማንም አይቀየመውም። ደግነቱን ልከለክለው አልፈለግኩም፤ ልክ ሰጠሁት እንጂ።

ጥቁሩ ሲሞላ በገበያ ቀን ተያይዘን ባንክ ገባን፣ በሁለታችን ስም የቁጠባ ደብተር አስከፈትን። ወሬው እንደ ልማዱ ቀድሞን ቤት ደረሰ። ደርሶስ ማንን ያገኛል? ሁለታችንም ባንክ ነን።

ሴቶች ሲያማክሩኝ ደብቂ ወይም አትደብቂ አልልም፤ ሁሉም ቤት እንደኔ አይደለም። የምትደብቅ ካለች ግን የምታምነው አንድ ሰው ቦታውን ይወቅላት እላለሁ። ያን የጉም መንገድ ማንም እንዲሄደው አልፈልግም።

ልጄ ባናዋን ለብሳ ነው የምታጠናው። ባለፈው ሌላ ክር ይዤ ሸማኔው ጋ ሄድኩ። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ጨመቁ፣ ጆሯቸው ድረስ አስጠጉ።

"ምነው ልጄ" አሉኝ፣ "ባንኬን ዘጋሽብኝ?"