የሳሉጉ ጀርባ

አባቴ ሰሊጥ ሲያሳጭድ እኔን የሚያስቀምጠኝ ማሳው ዳር ነበር። ሥራዬ ማየት ነው። ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ ነዶ ውስጥ አረም እንዳይጠቀልሉ፣ ሳያጭዱ የዘለሉትን አጨድን እንዳይሉ እጠብቃለሁ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል አለ ስንጥር» ይለኛል አባቴ። እኔም ጠረጠርኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅልኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

ከዚያ ማሳ የሚገላግለኝ ብስክሌት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በከተማችን በኮኪት ዲሽ ያለው ሻይ ቤት አለ። አንዳንድ እሁድ፣ ኳስ ከሌለ፣ የአውሮፓን የአንድ ቀን የብስክሌት ውድድር ይከፍቱልናል። እዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር ፊት ያለው ነፋሱን ሲገፋ ከኋላው የተለጠፈው ጉልበቱን ይቆጥብና መጨረሻ ላይ የፊቱን ጥሎት እንደሚሄድ ነው። በጣም ገባኝ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተፈጠረ ስፖርት ነው።

በኅዳር ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ የአንድ ቀን ውድድር ሊደረግ ነው ተባለ። ከከተማ የመጣ ክለብ አሸናፊውን በደሞዝ ይወስደዋል። አንድ ሰው ብቻ። ያን ቦታ ካላገኘሁ ዕድሜ ልኬን ሰሊጥ ስጠብቅ እንደምኖር አውቄዋለሁ፤ እንቅልፍም አልነበረኝም።

ጠዋት መነሻው ላይ አንድ የጎጃም ልጅ ጠጋ አለኝ። እኩያዬ ነው፤ ለአጨዳ ወርዶ እኛው ዘንድ የቀረ፣ በብስክሌት ዳቦ የሚያድል።

«እኔ መታወቂያ የለኝም፤ ብቀድምም አይወስዱኝም» አለኝ። «አንተን አንደኛ ላድርስህ። እናትህ ወባ የጣለኝ ጊዜ አስታመውኝ የለ?»

ለአንድ ሳምንት አጥሚት ይህን ሁሉ? ሞኝህን ፈልግ፣ አልኩ በሆዴ። መታወቂያ እንደሆነ በእኛ አገር አንዱ ቀበሌ ቢከለክል ሌላው ይሰጣል። በኪሱ ይዞ የለኝም እንደሚል እርግጠኛ ነበርኩ።

ኮኪትን ስናልፍ ሁለታችን ብቻ ቀደምን። ዳቦ ማደል ለካ እግር ያበረታል። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፣ እሱ ደግሞ ከፊቴ ሆኖ እየነዳ «ከኋላዬ ግባ! ነፋሱን እኔ ልያዝልህ» ይለኛል። ማን ነው በነፃ ነፋስ የሚይዝ? ድንገት ፍሬን ይዞ ሊጥለኝ ነው ብዬ ከጎኑ ወጥቼ ነፋሱን ብቻዬን ጠጣሁት። ውሃ ሲያቀብለኝ ተቀበልኩና ትንሽ ራቅ ሲል ደፋሁት። ጉሮሮዬ ደርቆ እንደ ቆዳ ነበር፤ ግን ደፋሁት።

መተማ ዮሐንስ መግቢያ ላይ ሕዝቡ ታየ። ልጁ ዘወር ብሎ «አሁን ሂድ! ሂድ!» እያለ ፍጥነቱን ቀነሰ። ይኸው፣ አልኩ። ቀድሜ እንድወጣና እንድዳከም፣ ከዚያ ከኋላ መጥቶ እንዲጥለኝ። በቴሌቪዥን ያየሁት ነው። እኔም ቀነስኩ። እሱ ሲቀንስ እኔ ስቀንስ ልንቆም ምንም አልቀረንም። ተመልካቹ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ «ምነው ልጆቼ፣ ደከማችሁ?» አሉን። ልጁ «በጊዮርጊስ፣ ሂድ!» ብሎ ሲለምነኝ ከኋላ የመጡት ሦስቱ እንደ ነፋስ አለፉን። ለመድረስ ሞከርኩ፣ እግሬ እምቢ አለ። አራተኛ ወጣሁ።

ንዴቱ አላስቆም አለኝ። ዳኛው ዘንድ ሄጄ ከሰስኩት። ሆን ብሎ መንገድ ዘጋብኝ፣ መታወቂያውም ይመርመር አልኩ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ዳኛው መዝገባቸውን ገልጠው አሳዩኝ። በስሙ ትይዩ «መታወቂያ የለውም፤ ለክለቡ አይታይም፤ ጓደኛውን ለማገዝ በራሱ ጥያቄ የገባ» ይላል።

«ጓደኛው አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ።

ልጁ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም። ቢሰድበኝ ምነኛ በቀለለኝ። «ነግሬህ ነበር እኮ» ብቻ አለኝ፤ እሱንም ቀስ ብሎ።

ከሰዓት ብስክሌቶቻችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ወደ ኮኪት ተመለስን። ማሸነፍ የነበረብኝን ውድድር በገዛ እጄ እንደጣልኩት፣ እሱንም እንደበደልኩት አሁን አውቄያለሁ። ይቅርታ ልለው ቃል እየመረጥኩ ሳለ ልጁ ደክሞት ትከሻዬ ላይ አንቀላፋ። መኪናው ሲናጥ እጁ ጭኔ ላይ ወደቀ።

እኔም ኪሴን ዳበስኩ።