ለባለጉዳይ የዞረው ስክሪን

አርባ ምንጭ ውስጥ የመሬት ምዝገባ ባለሙያ ሳለሁ ከቢሮው ሰው ሁሉ ሁለት ስክሪን የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዱ የላፕቶፑ ነው፤ ሌላው ካርታው ጎላ ብሎ እንዲታይ ወደ ባለጉዳይ የዞረ ትልቅ ስክሪን። ላፕቶፑ የሚቀመጠው ዶክ በሚሉት ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ነበር፤ ቻርጅ የሚያደርገውም፣ ከትልቁ ስክሪን ጋር የሚያገናኘውም እሱ ነው። ፈርሜ የተረከብኩት ንብረት ስለሆነ ከነፕላስቲኩ ነበር የምገለገልበት። ምን ላድርግ፣ ቤቴ ያለው ሪሞትም እስከ ዛሬ ከነፕላስቲኩ ነው! አርብ አርብ የዶኩን አቧራ እጠርግና ፕላስቲኩን መልሼ አለብሰው ነበር፤ ላፕቶፑ ለሚሰካበት መሰኪያ ብቻ ቀዳዳ ትቼለት ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከደጋው ከገረሴ አንዲት እናት መጡ። የእንሰት ጓሯቸው ካርታው ላይ በስህተት ከጎረቤት ይዞታ ጋር ተስሏል። ቅሬታ የሚታረምበት የመጨረሻው ቀን ያ ዕለት ነበር፤ ድንበሩን በጣታቸው አሳይተው ካላስተካከልን ጓሮው በጎረቤት ስም ሊጸድቅ ነው።

«ይቀመጡ እማማ፣ አሁን በትልቁ ያዩታል» አልኩ ኮራ ብዬ። ትልቁ ስክሪን ጥቁር እንዳለ ቀረ።

ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። ሁለቱም ላይ አንድ እንዲያሳይ ዱፕሊኬት አልኩት፣ እምቢ። ወደ ትልቁ እንዲዘረጋ ኤክስቴንድ አልኩት፣ እምቢ። ስነካካ የላፕቶፑ ፊደል የሱቅ ታፔላ አከለ። ባልደረባዬ «አጥፍተህ አስነሳው» አለኝ፤ አጥፍቼ አስነሳሁት። ጸሐፊያችን ስክሪኑን ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። እኔ መብራቱን ረገምኩ፣ የአባያን ወበቅም አልማርኩትም።

እናትየዋ ወደ ላፕቶፑ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው፣ «ልጄ፣ ባንተ በትንሹ ላይ አይታይም ወይ?» አሉ።

ይታያል እንጂ! ላፕቶፑን ወደሳቸው ማዞር ብቻ ነበር። ግን ባለ ሁለት ስክሪኑ ሰውዬ በየት በኩል ይዋረድ? «ይሄኛው ለባለሙያ ነው እማማ» አልኳቸው። አፌን በቆረጠው!

ከምሳ በኋላም ስታገል ላፕቶፑ ድርግም አለ። ባትሪው አልቋል። ለካ ጠዋቱን ሙሉ ቻርጅ አላደረገም። ያኔ ነው የደነገጥኩት፤ የሴትዮዋ ጓሮ በኔ ጉራ ሊሄድ ነው። ላፕቶፑን ከዶኩ ላይ ባነሳው፣ አርብ በገዛ እጄ ያለበስኩት ፕላስቲክ ተንሸራቶ የመሰኪያውን አፍ ሸፍኖታል። ቦጭቄ አነሳሁትና ላፕቶፑን መልሼ አስቀምጬ አስነሳሁት። ትልቁ ስክሪን በራ።

እሳቸው ብድግ ብለው «ይሄው ወንዙ፣ ይሄው እንሰቴ» እያሉ በጣታቸው አሳዩኝ። ድንበሩን አስተካከልኩ፣ ፈረሙ። የገረሴው መኪና ግን ሄዶ ነበር።

«ማሽኑ ቅድም ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«ሲስተም ነው እማማ።»

እጄ ላይ የተጨማደደውን ፕላስቲክ አዩት። «ሲስተም የሚሉት ይሄ ነው?»

ባልደረባዬ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ውጭ ሮጠ። እኔ አፈርኩ። «የለም፣ እኔ ነኝ ያለበስኩት። መኪናውም ያመለጠዎት በኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ካልፈለግኸው ስጠኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። የይዞታ ደብተራቸውን ከጉያቸው አውጥተው «እኛ ጋ ዝናብ ነው» እያሉ በፕላስቲኩ ጠቀለሉት። ከዚያ እዚያው ከተማ ውስጥ ሲቀላ ሰፈር ዘመድ ቤት ሊያድሩ በእግራቸው ወጡ።