የእትዬ ዲናሞ ንፋስ

ሰፈሩ «እትዬ ዲናሞ» የሚላት ያለ ምክንያት አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ዲናሞ እየፈታች፣ በአዲስ የመዳብ ሽቦ እየጠቀለለች ኖራለች። የወፍጮ ቤቱም፣ የእንጨት መሰንጠቂያውም፣ የውሃ ፓምፑም ሞተር በእጇ አልፏል። የሰውን ሞተር ቀን ስታስነሳ ውላ፣ ማታ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤቷ ስትወጣ ግን እራቷን የምትበላው ሻማ ለኩሳ ነበር። የመብራት ምሰሶው ኮረብታው ሥር ሲደርስ ደክሞት ቆሟል። የመብራት መሥሪያ ቤቱ በሄደች ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «በዕቅድ ተይዟል» ይሏታል። ዕቅዱ ሲያዝ ጸጉሯ ጥቁር ነበር።

አንድ ልጅ አላት፤ መሀል ከተማ፣ ፎቅ ላይ ተከራይቶ ይኖራል። በመጣ ቁጥር ወሬው ያው ነው።

«እማዬ፣ አንቺን እዚህ ጨለማ ውስጥ ጥዬ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቤቱን ሸጠን እኔ ጋ ትገቢያለሽ።»

ሁለት ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አንድ ቀን ግን ደሟ ፈላ።

«መብራት ካስገባሁ አፍህን ትዘጋለህ?»

«በሦስት ወር ውስጥ ካስገባሽ ዳግመኛ አላነሳውም፤ ቃሌ ነው» አለ እየሳቀ።

ያንገበገባት ሳቁ ነው።

ንፋስ እንደሆነ ያ ኮረብታ ሞልቶታል! ከባሏ ጋር ቦታውን ሲገዙ የረከሰላቸውም ንፋሱን ሰው ሁሉ ስለሸሸው ነበር። ባሏ ሞተ፣ ንፋሱ ቀረ። እሷም ንፋሱን መብራት ልታደርገው ሥራ ጀመረች። ክንፎቹን ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ቆረጠች፣ ማግኔቱን ከወዳደቁ ሞተሮች ለቀመች፣ ሽቦውን በገዛ እጇ ጠቀለለች፤ ለማጠራቀሚያ የመኪና ባትሪ አገናኘች። ባለሙያ ነኝ የሚል ሁሉ «በዚህ መብራት? ቀልዱን ተዪው» አላት። ቀልድ አታውቅም።

ይሁንና አጉል ብልጠት ሠራች። ለብቻው ምሰሶ ከማቆም ብላ ክንፎቹን የተሸከመውን የብረት ቱቦ ከቤቱ ግድግዳ ጋር በብሎን አሰረችው። የመጀመሪያው ደህና ንፋስ ሲነፍስ ቤቱ በሙሉ ማጉረምረም ጀመረ። ኩባያዎቹ መደርደሪያው ላይ እየተንፏቀቁ ወደ ጫፍ ተጓዙ። ጎረቤቷ፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ቤትሽ ማርሽ አስገብቷል፣ ሊነሳ ነው!» አላት። «ይለመዳል» ብላ አራት ቀን ደረቀች። በአምስተኛው ቀን የገዛ ጥርሷ ሲንገጫገጭባት ግቢ ወጥታ «ተሳስቻለሁ!» ብላ ጮኸች። እልኸኛ ሰው ጥፋቱን የሚያምነው እንኳ በጩኸት ነው።

ነቀለችው። ከቤቱ ርቃ፣ ግቢው ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፍራ፣ ሲሚንቶ አፍስሳ፣ ምሰሶውን ከጣሪያው ከፍ አድርጋ በሦስት ሽቦ ወጥራ አቆመችው። ሹፌሩ እየተነጫነጨ ገመድ ያዘላት። ክንፎቹ ያለ ኮሽታ ዞሩ። የዚያን ዕለት ሦስት አምፖል በራ፤ ሬዲዮኑም አወራ። ሴትዮዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ አምፖል ስታይ አመሸች፤ ደስ ብሏት ነበር።

ሦስት ወሩ ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ወደ ማታ፣ ልጇ መጣ። ብቻውን አይደለም፤ ደላላ ይዞ ነው። ሁለቱም በር ላይ ቆመው አምፖሎቹን አንጋጠው አዩ።

«በንፋስ ነው እናቴ?» አለ ደላላው። «እንግዲያማ ዋጋውም ሌላ ነው! የራሱ መብራት ያለው፣ ቆጣሪ የማያውቅ ቤት! ገዢ ይሻማበታል።»

«እማዬ፣ ሰማሽ? እጥፍ ያወጣል'ኮ!» አለ ልጇ።

«ቃልህስ?»

«እሱማ... ያኔ ጨለማው አሳስቦኝ ነበር እንጂ...»

ጨለማው ሰበብ ነበር። ከዚያ በላይ ያናደዳት ግን የራሷ ሞኝነት ነው፤ በገዛ ቤቷ ለመኖር ፈተና ተቀምጣ፣ ፈታኙን ማን እንደሾመው እንኳ ሳትጠይቅ ሦስት ወር ስትለፋ ከርማለች።

ተነስታ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ አደረገችው። ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

«አሁንስ ስንት ያወጣል?»

በጨለማው ውስጥ ወደ ደላላው ዞረች።

«ደላላው! ስንት ነው አልኩ?»

«አሁንማ... ይወርዳል እናቴ።»

«ይውረድ። ሲበራም አይሸጥም፣ ሲጠፋም አይሸጥም። ጨለማ ከሆነም የራሴ ጨለማ ነው።»

ደላላው በሩን በዳበሳ ሲፈልግ ከወንበር ጋር ተጋጨ፣ ይቅርታ ጠየቀው፣ ወጣ። ልጇ ባለበት ቆሞ ቀረ።

«እማዬ፣ አብሪው በቃ።»

«መጀመሪያ አይሸጥም በል።»

«እኔ'ኮ ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ...»

«ብቻዬን እንዳልሆን ከሆነ ና፤ ማን ከለከለህ? ቤቱ ያደግህበት ነው። በል።»

«አይሸጥም» አለ በለሆሳስ።

«አልሰማሁም፤ ንፋሱ ይጮሃል።»

«አይሸጥም!»

ያኔ አበራችው።