ኮረብታው ላይ የተወጠረው ሲባጎ

ስንጥቁን ልብ ብዬ ያየሁት መጀመሪያ በስልኬ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ፣ አንድ የውጭ አገር መምህር በነፃ የሚለቀውን የጂኦሎጂ መግቢያ ትምህርት በኢንተርኔት እከታተል ነበር። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ስለ ድንጋይና ስለ አፈር ሲጠይቁኝ ከመማሪያ መጽሐፉ የዘለለ መልስ ስለሌለኝ ይቆጨኝ ነበር። የዚያን ቀን ርዕሱ የመሬት መንሸራተት ነው። መምህሩ ተዳፋት ላይ ቆሞ እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ በጣቱ ሲያሳይ ክው አልሁ። ያን የመሰለ ስንጥቅ አውቃለሁ። ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ፣ አባቴ ብቻቸውን ከሚኖሩበት ቤት ጀርባ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ አለ። በፋሲካ የሄድሁ ጊዜ ተሻግሬው አልፌአለሁ።

ዝም ብዬ ማለፌ አይገርምም። የኛ መሬት ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ሰኔ ግም ሲል ተመልሶ ይገጥማል። በመሬት ንቃቃት የሚደነግጥ ገበሬ የለም። መምህሩ ግን ልዩነቱን እየነገረን ነበር። ድርቀት የሰነጠቀው መሬት ዝናብ ሲያገኝ ይዘጋል፤ ሊንሸራተት የተነሣ መሬት ግን በዝናብ ይብስበታል አለ። ታዲያ ምን ይደረግ? ሊመልስ አፉን ሲከፍት ኔትወርኩ ሄደ። ያች ክብ ነገር ስክሪኑ ላይ ትዞራለች፣ እኔ ስልኩን ይዤ ከበር መስኮት እመላለሳለሁ። ቪዲዮው የተመለሰልኝ በማግስቱ ነው። መልሱ አጭር ነበር፤ ከስንጥቁ በላይና በታች ችካል ትከሉ፣ መካከሉን እየለካችሁ ጠብቁ፣ እየሰፋ ከሄደ ከሥሩ ውጡ።

ቅዳሜ ሄድሁ። ሰኔ ገብቷል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ የማሳው ንቃቃት ሁሉ ተደፍኗል። የኮረብታው አልተደፈነም። ከስንጥቁ በታች ያሉት ባህር ዛፎች ወደ ቤታችን ጣራ አዘንብለዋል። ፈራሁ፤ ሮጬ ወደ አባቴ ወረድሁ።

አባቴ እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰሙኝና ሳቁ። "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው ልጀ። የኔን መሬት ፈረንጅ በስልክ ምን ብሎ ያውቀዋል?" አያታቸውም እዚሁ ኖረው እዚሁ እንዳረጁ፣ ኮረብታው ያኔም ንቅንቅ እንዳላለ ነገሩኝ። ከወንዙ ማዶ አጎቴ ቤት ይክረሙ ብላቸው ጭራሽ ተቆጡ። ያን ቤት ከእናቴ ጋር ሆነው ነው የሠሩት። ግድግዳውን የመረገችው እሷ ናት፤ ከሞተች ወዲህ አባቴ ሌላ እጅ አላስነኩትም። እኔም ግትር ነኝ፣ ከማን እንደወረስሁት ግልጽ ነው። ስንከራከር ውለን በመጨረሻ ተስማማን። ሁለት ችካል ተክዬ፣ በመካከላቸው ሲባጎ ወጥሬ እሄዳለሁ፤ ሲባጎው ከተበጠሰ አባቴ ያለ ክርክር ይወጣሉ። ቃላቸውን ሰጡኝ። አባቴ ቃል የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

ከተማ ተመልሼ ሰላም አጣሁ። ዝናብ ቆርቆሮውን በደበደበ ቁጥር እደውላለሁ። አንዳንዴ አይገባም፣ አንዳንዴ ይገባና ይቆረጣል። ሲያነሱልኝ ጥያቄዬ ያው ነው። "የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባየ" ይሉኛል። "ሲባጎሽ ደህና ነው። ከኔ ይልቅ ለሱ ሰላምታ ታበዣለሽ።" ሳምንታት አለፉ፣ ሲባጎው ደህና ነው። የኮርሱን ፈተና በኢንተርኔት ተፈተንሁ፤ ስለ መሬት መንሸራተት የቀረበልኝን ጥያቄ ሁሉ መለስሁ፣ ደስ ግን አላለኝም። ወይ ተሳስቼ አንድ ሽማግሌ በከንቱ አስጨንቄአለሁ፣ ወይ ደግሞ... ሌላውን ማሰብ አልፈለግሁም። ከዚያ የአባቴ ስልክ ጭራሽ አልሠራ አለ።

ሳልናገር ሄድሁ። ከመኪና ወርጄ ጭቃው እያዳለጠኝ፣ ቤቱን አልፌ በቀጥታ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ሲባጎው እንደተወጠረ ነው። እፎይ ብዬ ልቀመጥ ስል መካከሉ ላይ ቋጠሮ አየሁ። እኔ መካከሉን አልቋጠርሁትም። ጠጋ ስል ሌላ ቋጠሮ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ የአሮጌ ጋቢ ቅዳጅ፣ ከሱ ቀጥሎ የበሬ ጠፍር። ሲባጎው አልደርስ ብሎ በጠፍር ተቀጥሏል። ከሥሩ ያለው ስንጥቅ አሁን ሰው ይውጣል።

አባቴ ማጭዳቸውን እንደያዙ ከኋላዬ ቆመዋል። ሲመጡ አልሰማኋቸውም።

"ሲበጠስ ይወጣሉ አልነበር፣ አባየ?"

"ነበር" አሉ። የሚያዩት ወደ ቤቱ ጣራ ነው። "ስቀጥለው የከረምሁት ነገሩ ጠፍቶኝ አይደለም። ነገ እወጣለሁ፣ ነገ እወጣለሁ እያልሁ ነው። የእናትሽን ቤት በምን አፌ ልሰናበተው?"

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንጀቴን በሉት። አለቀስሁ። እሳቸው አላለቀሱም። ጎንበስ ብለው ሲባጎውን በማጭዱ ቆረጡት።

"በቃ፣ ተበጠሰ" አሉ።

በዚያው ቀን ከብቶቹን አወጣን። ጎረቤት ተጠርቶ የጣራውን ቆርቆሮ አነሣ፣ በሩንም ነቀለ፤ እኔ ወደ ኮረብታው እያየሁ ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ እላለሁ። ኮረብታው የወረደው ግን አጎቴ ቤት ከገባን በኋላ፣ ዝናብ ባልነበረበት ጠራራ ቀን ነው። ከደጅ ቆመን አየነው። መጀመሪያ ባህር ዛፎቹ እንደቆሙ ተንቀሳቀሱ። አቧራ የለ፣ ጭስ የለ፣ ጭቃው ብቻ ወረደ፤ የእናቴን ግድግዳ በዓይኔ ስፈልገው አጣሁት። አባቴ አማተቡ። ሲመሽ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ በአገጫቸው ወደ ስልኬ አመለከቱ።

"ያ ሰውየ ቤት የሚሠራበትንስ መሬት ያስተምራል?"

ያስተምራል፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ትምህርቱም ረጅም ነው አልኋቸው።

"ክረምቱም ረጅም ነው" አሉ። "ክፈችውና እየተረጎምሽ ንገሪኝ።"