ገና ካልደረሰ ሰዓት የመጣ ድምፅ

«ላላ» ብለን በአክብሮት የምንጠራት ኒዝሃ፣ ሳሌ ከተማ ውስጥ ስልክ ቤት መስመር ስታገናኝ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ከእኔ ጋር ግድግዳ እንጋራለን። ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ላይ ሲነሳ ሰገነቷ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ከዚያ ገብታ ላፕቶፗን ትከፍትና የማታውቃቸውን ሰዎች ስትረዳ ትውላለች። ደመወዝ የለውም። «ሲትር» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሰው ድምፁንና ጽሑፉን ቆልፎ ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩ ያሻግርበታል። የሠሩት ሰዎች እንኳ ከፍተው ማየት አይችሉም። ማን ምን እንደሚያደርግበት ስለማያዩ፣ ሲበላሽም የሚያውቁት ሰው ሲነግራቸው ብቻ ነው። የሚነግሯቸው እንደ ኒዝሃ ያሉ ናቸው።

ለተቸገረ ሰው አነጋገሯ ለስላሳ ነው። ምን እያደረግሽ ነበር? ምን ይሆናል ብለሽ ጠበቅሽ? ታዲያ ምን ሆነ? መልሱን ጽፋ ለሠሪዎቹ ከመላኳ በፊት ስሙን፣ የፋይሉን ስም፣ ሰዓቱን፣ አገሩን የሚያሳብቀውን ሁሉ ትሰርዛለች። የነሱ ደንብ እንዲህ ነው። ጎንበስ ብላ ስትሰርዝ ሳያት ለሕፃን ከዓሣ ላይ እሾህ የምትለቅም ይመስለኛል።

አንድ ረመዳን ላይ ባቱል ላፕቶፗን በሻሽ ጠቅልላ መጣች። ባቱል ከመንገዱ ማዶ ክር የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ባሏ ሲ ላርቢ ጉሮሮውን ታሞ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ድምፁ እንደማይመለስ ሐኪሞቹ አስቀድመው ነግረውታል። ስለዚህ ሆስፒታል ተኝቶ ተራውን ሲጠብቅ በስልኩ ድምፁን እየቀዳ በሲትር ወደ ቤት ይልክላት ነበር። «ስመለስ አብረን እንሰማዋለን» ብሏት፣ እሷም ኮምፒውተሩን እንደበራ ትታ የተላከውን ሳትከፍት ቆየች። ሲትር ደግሞ የተላከውን ከስልኩ ላይ ያጠፋል። አሁን ሲ ላርቢ አንገቱን ተጠቅልሎ ቤቱ ገብቷል። ድምፁ ግን ቤት አልገባም።

«ከጾሙ በፊት የላካቸው አሉ» አለች ባቱል። «ጾሙ ከገባ ወዲህ አንድም የለ። መንገድ ላይ ቀሩ እንዴ?»

«አልቀሩም» አለች ኒዝሃ ላፕቶፑን ከፍታ እያየች። «ደርሰዋል፤ ኮምፒውተርሽ ግን አላመናቸውም። ማቆያ ውስጥ ዘግቶባቸዋል።»

«የባሌን ድምፅ ነው የማያምነው? እኔ ሚስቱ ያመንኩትን?»

ኒዝሃ ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ማቆያው ሁለት ሳምንት የሞላውን ራሱ እየጠረገ ያጠፋል። የመጀመሪያዎቹ መሄድ ጀምረው ነበር። በየቀኑ ሌላው ይከተላል።

ፕሮግራሙን ዘግታ ከፈተችው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ከራሷ ስልክ ወደ ራሷ ላፕቶፕ ላከች፤ ወዲያው ደረሰ። ከራሷ ስልክ ወደ ባቱል ላፕቶፕ ላከች፤ ማቆያ ገባ።

«እሰይ» አለች።

«ምኑ ነው እሰይ?»

«ሲጠሩት የሚመጣ ብልሽት ይያዛል እህቴ። የሚያስቸግረው የሚደበቀው ነው።»

የሆነውን ጽፋ፣ እንደልማዷ ሰራርዛ ላከች። ከሠሪዎቹ አንዱ፣ «ጥድ» በሚል ስም ብቻ የምታውቀው፣ መለሰላት። «እኔ ጋ ሞከርኩት፤ ይሠራል። የሰረዝሻቸውን መስመሮች ባይ ጥሩ ነበር፤ ባለቤቶቹ ካልፈቀዱ ግን አልጠይቅም።»

ኒዝሃ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። «ሰዓቱን ካየ የየት አገር ሰዎች እንደሆናችሁ ያውቃል» አለች። «ሳልሰርዝ ልኬ አላውቅም።»

«ይወቅ» አለች ባቱል። «ከፈለገ መጥቶ የማፍጠሪያ ሾርባችንን፣ ሐሪራ ይጠጣ፤ ጾመሃል ወይ ብለን አንጠይቀውም።»

«ድምፁ የሲ ላርቢ ነው፤ እሱንም ጠይቂው» አልኩ እኔ።

ሲ ላርቢ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለት መዳፎቹን ዘረጋ፤ እንካችሁ እንደማለት።

ኒዝሃ መስመሮቹን መልሳ ላከች። ልትጠልቅ የተቃረበችው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ነበረች፤ መንገዱ ጭር ብሏል፤ የባሕሩ ጉም በመስኮቱ ገብቶ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። በረሃብ ራሴን አዙሮኝ፣ እነዚያ ድምፆች ከላፕቶፑ መስታወት ጀርባ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተደርድረው፣ ስማቸው እስኪጠራ የሚጠብቁ ሆነው ታዩኝ። አንዳቸውም አያስሉም።

መልሱ መጣ። ኒዝሃ አነበበችልን። «መልእክቶቹ በኮምፒውተሩ ሰዓት ገና ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚጻፉ ናቸው። ገና ካልደረሰ ሰዓት የመጣውን ነገር ሐሰት ነው ብሎ እንዲዘጋበት ያደረግነው እኛ ነን። ሰዓቱን በእጅ የነካ ሰው አለ?»

«በእጅ ነዋ» አለች ባቱል። «ረመዳን ሲገባ የአገሩ ሰዓት በአንድ ወደ ኋላ ይመለስ የለ? ስልኩ ራሱ ይመለሳል፤ ይሄ አሮጌ ግን ካልመለሱለት አያውቅም። የግድግዳውን መለስኩ፣ የሱቁን መለስኩ፣ እሱንም መለስኩ። አምናም መልሼዋለሁ፤ ያኔ ሲትር የሚባል ነገር ቤታችን አልገባም ነበር።»

«ከስልኩ ጋር እኩል ነው እኮ የሚያሳየው» አልኩ።

«ለዓይን እኩል ነው» አለች ኒዝሃ ቀስ ብላ። «ከሥር ግን ማሽኖቹ የዓለሙን አንድ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት። ስልኩ የአገራችን ሰዓት ተቀየረ ብሎ አወቀ። ይሄኛው ግን ቁጥሩን ስታዞሪበት ጊዜው ራሱ ወደ ኋላ የሄደ መሰለው።»

«ምስኪን» አለች ባቱል፣ ላፕቶፑን እየዳበሰች። «እኔ ነኝ ያሳሳትኩት።»

«ማንም አላሳሳተው። እሱም ለናንተው ሲጠነቀቅ ነው።»

ሰዓቱን አስተካከለች። ጥድ የታገዱትን የሚለቀው የት ጋ እንደሆነ ነገራት፤ ወደፊት ፕሮግራሙ ከመዝጋቱ በፊት ባለቤቱን እንዲጠይቅ እናደርጋለን ብሎም ጻፈ። የጾሙ መጀመሪያ ቀኖች ድምፆች ሄደዋል፤ አልተመለሱም። የቀሩት ግን አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ።

ባቱል የመጀመሪያውን ነካችው። ክፍሉ ውስጥ ሻካራ፣ የተኛ የሚመስል ድምፅ ተነሳ።

«ባቱል፣ እዚህ መስኮቱን ጉም ሸፍኖታል። ባሕሩ አይታይም፤ ይሰማል። የአልጋ ጎረቤቴ ያንኮራፋል፤ አንቺ ነሽ ብዬ ነቃሁ።»

ኒዝሃ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ሲ ላርቢ ከበሩ ተነስቶ መጥቶ፣ እንግዳ የሚያዳምጥ ይመስል አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከሚስቱ ጎን ቆመ። የመስጊዱ አዛን ጀመረ። ተምር በእጃችን እንደያዝን ማናችንም አልቀመስንም።

«ዛሬ ለማፍጠሪያ ምን ሠራሽ?» አለ ድምፁ ከላፕቶፑ።

«ሐሪራ ነው» አለች ባቱል ወደ ማሽኑ። «ሽምብራውን እንደምትወደው አብዝቼዋለሁ።»

ሲ ላርቢ ጎኗ ቆሞ፣ ደግ ነው እንደማለት ራሱን ነቀነቀ።